ጥር ላይ የሚገባ ክረምት

በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ፣ በዳሒዬ፣ ሙቀት የሚገዛው በአምፔርና በጋዝ ሲሊንደር ነው። ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን የክረምቱን ብርድ በትንሽ ወጪ ለማለፍ የተማሩትን፣ ሊማሩት የማይገባቸውንም ጭምር፣ ለማየት ሞክረናል።

ጥር አጋማሽ ላይ ወደ ወሎ የምትደውል ልጅ «እዚህ ክረምት ገብቷል» ስትል እናቷ ነገሩ ቶሎ አይገባቸውም። እሳቸው ዘንድ እህሉ ከአውድማ ተነስቶ ጎተራ ገብቷል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ቀኑ ፀሐይ ነው። ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ጎርፍ፣ ቤት ውስጥ የሚያድር የእንጨት ጢስ ነው። «በጥር ምን ክረምት አለ ልጄ?» ይላሉ። ልጅቱ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ ሁለት እጆቿን በሻይ ብርጭቆ እያሞቀች ነው። ለማስረዳት ትሞክርና ትተወዋለች።

ያለችው በዳሒዬው ቡርጅ አል ባራጅኔ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሏን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተጋርታ ትከራያለች። ከባሕሩ የተነሳው ዝናብ በነፋስ እየተገፋ መስኮቱን በጎን ይመታል። አልጋው ከተጠጋበት ግድግዳ ላይ ጥቁር ሻጋታ ከወለሉ ተነስቶ ትራሷ አጠገብ ደርሷል። ወለሉ ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ካልሲ ደርባም ቅዝቃዜው ይሰማታል።

ቤይሩት የባሕር ዳር ከተማ ናት። በረዶው የሚወርደው ከጀርባዋ ባለው ተራራ ላይ ነው፤ ከተማው ውስጥ የጥር ሌሊት ከአሥር ዲግሪ ብዙም ዝቅ አይልም። በቁጥር ከሄድን ደብረ ብርሃን ከቤይሩት ትበርዳለች። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገች አንዲት ሴት ግን ልዩነቱን እንዲህ ትገልጸዋለች፦ «የኛ ብርድ ደረቅ ነው። ጋቢ ትደርባለህ፣ ፀሐይ ላይ ትወጣለህ፣ ይለቅሃል። የዚህኛው እርጥብ ነው፤ አልጋ ውስጥ ቀድሞህ ገብቶ ይጠብቅሃል።»

አባባሏ ስሜት ብቻ አይደለም። ውሃ ከአየር ይልቅ ከሃያ እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። እርጥበት የጠጣ ብርድ ልብስ፣ ያልደረቀ ካልሲ፣ ያላበው ግድግዳ የሰውነትን ሙቀት እየመጠጠ ይወስዳል። ስለዚህ በቤይሩት የማሞቂያ ወጪን መቀነስ የሚጀምረው ከእሳት አይደለም፤ ከማድረቅ ነው። ይህንን ብዙዎቹ የሚረዱት ሁለት ሦስት ክረምት ከከሰሩ በኋላ ነው።

ደውለና ኢሽቲራክ

ዳሒዬ በዐረብኛ «ዳርቻ» ማለት ነው። ቤይሩት ብዙ ዳርቻዎች ቢኖሯትም ቃሉ ብቻውን ሲጠራ ሁሉም ሰው የሚያስበው ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ የተዘረጉትን ሰፈሮች ነው፦ ጎቤይሪ፣ ሺያህ፣ ሐሬት ሕሬይክ፣ ቡርጅ አል ባራጅኔ፣ መሬይጄ፣ ሐይ አል ሲሎም። ሕንፃዎቹ ተጠጋግተዋል፤ በመካከላቸው የተንጠለጠለው የሽቦ ውስብስብ ሰማዩን ይጋርዳል። ከሽቦዎቹ ብዙዎቹ የመንግሥት አይደሉም። የጄኔሬተር ባለቤቶች ንብረት ናቸው።

ኢትዮጵያውያኑ ከአገሬው ተቀብለው የሚጠቀሙባቸው ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ «ደውለ» ነው፤ መንግሥት ማለት ሲሆን፣ የመንግሥትን መብራት ያመለክታል። ሁለተኛው «ኢሽቲራክ» ነው፤ ለሰፈሩ ጄኔሬተር በወር የሚከፈለው ውል። ደውለ ርካሽ ነው፤ ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ኢሽቲራክ ውድ ነው፤ ግን ይገኛል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የግል ጄኔሬተር የተስፋፋው ከ1975 እስከ 1990 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና የወር ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጦርነቱ ሲያበቃ ይቀራል የተባለው ጄኔሬተር እዚያው ቆየ። የ2019ኙ የገንዘብ ቀውስ ደግሞ ሁሉንም አባሰው። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ምንዛሬው የቆመው 89,500 ላይ ነው። መንግሥት ለነዳጅ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አነሳ። በጥቅምት 2021 ዛህራኒና ዴይር አማር የተባሉት ሁለቱ ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ሲቆሙ የመንግሥቱ መብራት ከመላ አገሪቱ ጠፋ። በ2022 መጨረሻ የመንግሥቱ ታሪፍ ከፍ ሲል የመጀመሪያው 100 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ 10 ሳንቲም ዶላር፣ ከዚያ በላይ ያለው 27 ሳንቲም ሆነ። ድሃው ቤት ከመጀመሪያው 100 እንዳያልፍ የሚጨነቀው ለዚህ ነው። በክረምት ማሞቂያ ከተሰካ ደግሞ ማለፉ አይቀርም።

በየሰው ቤት የምትሠራ ሴት የደውለን ሰዓት ከማንም በላይ ታውቃለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣው በድንገት ማጉረምረም ሲጀምር ትነቃለች። ቦይለሩን ማብራት፣ ልብስ ማጠቢያውን ማስጀመር፣ ውሃ ወደ ጣሪያው ታንክ የሚስበውን ሞተር መክፈት በብዙ ቤት የእሷ ሥራ ነው። «ቤቱ መብራት የሚቆጥበው በእኔ እንቅልፍ ነው» ትላለች አሥር ዓመት በቤይሩት የቆየች አንዲት እህት።

> «ቤቱ መብራት የሚቆጥበው በእኔ እንቅልፍ ነው።»

አምስት አምፔር

ኢሽቲራክ የሚሸጠው በአምፔር ነው። መካከለኛ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ አምስት አምፔር ይይዛል፤ አቅም የሌለው ግማሹን። አምስት አምፔር በ220 ቮልት ሲባዛ 1,100 ዋት ነው። ቀይ ሽቦው የሚግለው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን ብቻውን እስከ 2,000 ዋት ይጎትታል። ስለዚህ ሲሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል፤ አንድ ሰው በጨለማ ደረጃ ወርዶ መልሶ ያነሳዋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

እዚህ ላይ ነው ትንሽ ስሌት ገንዘብ የሚያድነው። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በአንድ ሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከአልጋ አንሶላ ስር የሚነጠፈው የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ግን 100 ዋት ገደማ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢበራ እንኳ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሰው የሚያሞቀው ኤሌክትሪክ ያንን ማሞቂያ ግማሽ ሰዓት እንኳ አያነድደውም። ልምድ ያላቸው ደግሞ ይህንንም አይጨርሱትም፤ ከመተኛታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ያበሩትና አልጋው ሲሞቅና ሲደርቅ አጥፍተው ይገባሉ።

ከዚህም የረከሰ አለ። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ስር ማድረግ። ውሃው የፈላ መሆን የለበትም፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ሊለቅ ይችላል። የጎማው የሙቅ ውሃ ከረጢት በየሱቁ አለ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ብዙ ክረምትም ያገለግላል። ራት ሲበስል በዚያው እሳት የሚሞቅ ሁለት ሊትር ውሃ ለብዙ ሰዓት እግርን አሙቆ ያቆያል።

ይህ ለኛ ሰው እንግዳ ዕውቀት አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ ቤት ማሞቅ የሚባል ልማድ የለም ማለት ይቻላል፤ የምናሞቀው ሰውን ነው። ነጠላው ሁለት ድርብ፣ ጋቢው አራት ድርብ የሆነው በከንቱ አይደለም። በድርቡ መካከል የታሰረው አየር ነው የሚያሞቀው። ቡሉኮውም፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ባናም እንዲሁ። ከአገር ቤት በመንገደኛ ሻንጣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የሚላከው ጋቢ ዳሒዬ ሲደርስ ናፍቆት ማስታገሻ ብቻ አይሆንም፤ እውነተኛ የማሞቂያ መሣሪያ ነው። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፦ ደረቅ መሆን። ቀኑን ፀሐይ ከወጣ ጋቢውንም ፍራሹንም በረንዳ ላይ ማስጣት ግድ ነው።

ስለ ኤሲም አንድ ቃል ልጨምር፤ በብዙ ቤት ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤይሩት ውስጥ ለበጋው ሙቀት ሲባል ኤሲ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ በክረምት ግን «ብዙ ይበላል» ተብሎ ይዘጋና ያቺ ቀይ ሽቦ ማሞቂያ ትወጣለች። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኤሲ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከውጭ ያለውን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። አሥር ዲግሪ አየር ለእኛ ብርድ ቢሆንም ለማሽኑ የሚሰበሰብ ሙቀት አለበት። ስለዚህ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሽቦው ግን አንድ ለአንድ ብቻ። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት፣ ትንሽ ክፍል ላይ የተገጠመ፣ ከአምስት አምፔር ሳይወጣ ይሠራል። ማጣሪያውን በየጊዜው ማጠብ፣ ዲግሪውን ሃያ አካባቢ ላይ መተው፣ በር መዝጋት ነው የሚፈለገው። አንድ የሰፈሩ ጠጋኝ እንደሚለው በክረምት ከሚጠሩት ቤቶች በብዙዎቹ የሚያገኘው ብልሽት የታፈነ ማጣሪያ ነው።

በቤይሩት ጣሪያዎች ላይ ከ2021 ወዲህ እንደ አሸን የፈላው ሶላር ለክረምቱ ብዙ አይረዳም። ደመናው ቀናት ሙሉ ሲከርም ባትሪው ማታ ላይ መብራትና ስልክ ብቻ ይችላል።

ጋዙ የሚያዘንበው ዝናብ

በዳሒዬ ብዙ ቤት የሚሞቀው በጋዝ ነው። ማሞቂያው ባለ ጎማ ሣጥን ነው፤ ከኋላው ዐሥር ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ይገባል፣ ከፊቱ ሸክላው ይቀላል። ከክፍል ወደ ክፍል ይገፋል። ሲሊንደሩን በሞተር ሳይክል የሚያመላልሱ ልጆች ከሕንፃው ስር ቆመው ይጣራሉ። ከቀውሱ በፊት በሺዎች በሚቆጠር ሊራ ይሞላ የነበረው ጋዝ ከቀውሱ ወዲህ የሚጠራው በመቶ ሺዎችና በሚሊዮን ነው።

ጋዝ ማሞቂያው የሚደብቀው አንድ ጉድለት አለው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ ይህንን ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚተወው። አንድ ሲሊንደር ሲያልቅ ዐሥራ አምስት ሊትር ውሃ ቤቱ ውስጥ ተረጭቷል ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ግድግዳና መስታወት ሲያገኝ መልሶ ውሃ ይሆናል፤ ግድግዳው ያልባል፤ ሻጋታው ይወጣል፤ በማግስቱ እርጥቡን ክፍል ለማሞቅ ተጨማሪ ጋዝ ይነድዳል። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ብርዱን የሚገዙት በዚህ መንገድ ነው።

> አንድ ሲሊንደር ጋዝ ሲያልቅ ዐሥራ አምስት ሊትር ውሃ ቤቱ ውስጥ ተረጭቷል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግን የሚበርደው ሰው ሊያምነው ይቸግረዋል። መስኮት መክፈት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለዐሥር ደቂቃ ያህል፣ ወለል አድርጎ። እርጥቡ አየር ይወጣል፣ የሚገባው አየር ቢቀዘቅዝም ሲሞቅ ይደርቃል፤ ግድግዳውና ዕቃው ግን በዐሥር ደቂቃ አይቀዘቅዝም። ድስት ሲበስል ክዳኑን መግጠምና የወጥ ቤቱን በር መዝጋትም ከዚሁ ይቆጠራል። የታጠበ ልብስ መኝታ ክፍል ውስጥ ማስጣት ግን ሁለት ሊትር ውሃ አልጋ አጠገብ እንደማፍሰስ ነው፤ የግድ ከሆነ መስኮቱ ገርበብ ባለ መታጠቢያ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ ይሰጣ። አልጋን ከውጭኛው ግድግዳ አንድ ክንድ ማራቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ጎማ ቱቦውንና መያዣውን በሳሙና አረፋ መፈተሽ መዘንጋት የለበትም። የሚያፈስ ካለ አረፋው ይፈላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ የምትተኛ ሴት አፍንጫ አጠገብ ማለት ነው።

ካኑን

ሊባኖሳውያን ክረምቱን ቀን ቆጥረው ያውቁታል። ከዲሴምበር 21 አካባቢ ጀምሮ ያሉትን አርባ ቀናት «መርበዓኒየ» ይሏቸዋል፤ የብርዱ እምብርት ነው። ከዚያ «ሳዕድ» የሚባሉት አራት ተከታታይ ጊዜያት ይመጣሉ፤ ብርዱ እየተንገዳገደ የሚወጣባቸው። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ሁለቱም በዐረብኛ «ካኑን» ተብለው ይጠራሉ፤ የመጀመሪያው ካኑን፣ ሁለተኛው ካኑን። ካኑን ደግሞ የከሰል ምድጃም ስም ነው።

ለእኛ ሴቶች ይህ ቃል ሩቅ አይደለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ሰፈሮች፣ በዳሒዬም በየተከራየው ክፍል፣ ቡና ይፈላል። ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ስድስትና ሰባት ሰው በአንድ ክፍል ይሰበሰባል። ለጥቂት ሰዓታት ብርዱም ስደቱም ይረሳል። አደጋው የሚመጣው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ምድጃው ውስጥ ቀይ ፍም ቀርቷል፤ ክፍሉ ሞቋል፤ «ይሄስ ለምን ይባክናል?» ይባላል። በሩ ይዘጋል፣ የመስኮቱ ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል።

ከሰል ጢሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተሸካሚ ከኦክስጅን ሁለት መቶ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ኦክስጅኑ ቦታ ያጣል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እግር ይዝላል። የነቃ ሰው ተነስቶ ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ የተኛ ሰው አይነቃም። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ሌሊት ከሰል አስገብተው ያደሩ ቤተሰቦች ወሬ ያልሰማ የለም። ያው ጋዝ ቤይሩት ውስጥ፣ በተወተፈ የአሉሚኒየም መስኮት፣ በጭቃ ቤት ውስጥ ከሚሠራው በላይ ፈጥኖ ይሠራል፤ የጭቃ ቤትና የሣር ክዳን ቢያንስ ይተነፍሳሉ።

ስለዚህ እዚህ ላይ ቁጠባ የሚባል ነገር የለም። ቡናው ሲያልቅ ፍሙ በረንዳ ወጥቶ ውሃ ይፈስበት። ክፍል ውስጥ ራሷን የሳተች ሰው ካለች መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፤ ከዚያ በ140 የሊባኖስ ቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት። መታወቂያ እጠየቃለሁ፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የለኝም ብሎ መዘግየት ነፍስ ያስከፍላል።

ናይለን በመስኮት

የቤይሩት ሕንፃ የተሠራው ለበጋ ነው። ግድግዳው ክፍት ሆድ ያለው ብሎኬት፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ኮንክሪት፣ መስኮቱ ነጠላ መስታወት የገባበት ተንሸራታች አሉሚኒየም ነው። ሙቀት የሚያግድ ነገር መካከሉ አይገባም። ጣሪያው ላይ የተሠራች ክፍል የምትከራይ ሴት በአምስት ጎን ከብርድ ጋር ትኖራለች፤ ኪራዩ የረከሰውም ለዚሁ ነው።

አገሬው ለዚህ የቆየ መላ አለው። መኸር ሲያልቅ ምንጣፉ ይነጠፋል፤ ፀደይ ሲመጣ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ ይነሳል። ያንን ከባድ ምንጣፍ ተሸክመው፣ በረንዳ ላይ እያራገፉ፣ በብሩሽ እየፈተጉ ያጠቡት የኛ ልጆች ለምን እንደሚነጠፍ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የራሳቸው ክፍል ወለል ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። አሮጌ ምንጣፍ፣ ካርቶን እንኳ፣ ከፍራሽ ስር ቢነጠፍ ትልቅ ልዩነት አለው። አባጁር የሚባለውን ተጠቅላይ የመስኮት መዝጊያ ፀሐይ ስትጠልቅ ማውረድ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲኖር መክፈት ሌላው ነው። አባጁሩ የሚጠቀለልበት ሣጥን ግን ነፋስ ያስገባል፤ በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ይደፈናል። ጋዝ የሚነድበት ክፍል ከሆነ ግን የአየር መግቢያ ሁልጊዜ መተው አለበት።

ከሁሉ የረከሰው መላ ናይለን ነው። በመስኮቱ ፍሬም ላይ ከውስጥ በኩል በማጣበቂያ የተወጠረ ንጹሕ ፕላስቲክ ከመስታወቱ ጋር አየር ያስራል፤ የጋቢው ብልሃት ማለት ነው፣ በመስኮት ላይ።

በዳሒዬ ይህ ናይለን ሌላ ትዝታ አለው። በ2024 መስከረም የእስራኤል የአየር ድብደባ ሲበረታ ሰፈሩ ባዶ ሆነ። አንዳንድ አሠሪዎች ሲሸሹ ሠራተኛቸውን ይዘው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ተዉ፤ በር ቆልፈውባቸው የሄዱም ነበሩ። እህቶቻችን በባሕር ዳርቻው ላይና በአደባባዮች አደሩ፤ አብያተ ክርስቲያናትና በራሳቸው በስደተኞቹ የተመሠረቱ ቡድኖች ያገኙትን ሁሉ አስጠለሉ። የተኩስ አቁሙ የጀመረው ኖቬምበር 27 ቀን ነው፤ በትክክል ዝናቡ ሲጀምር። የተመለሰው ሰው ያገኘው ግድግዳው የቆመ፣ መስታወቱ ግን የረገፈ ቤት ነበር። ያን ክረምት ብዙው ቤት ያሳለፈው በናይለን ነው። ስብርባሪውን ጠርጎ ናይለኑን የወጠረው እጅ በብዙ ቤት ያው የሠራተኛዋ እጅ ነበር።

የት ትተኛለች?

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ የሚጠቅመው ክፍሉ የራሷ ለሆነ ሰው ነው። በኮንትራት በአሠሪ ቤት ለምትኖረው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በእጇ የለም። ሳሎኑ ሲሞቅ እሷ ወጥ ቤት ናት። ማታ ማሞቂያው ወደ ልጆቹ ክፍል ይገፋል፤ እሷ የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፣ ወይም በመስታወት በተከለለ በረንዳ ላይ፣ ወይም ሁሉም ከተኛ በኋላ ሳሎን ውስጥ። ቀን እጇ ከውሃ አይወጣም፤ ቦይለሩ ካልበራ ውሃው በረዶ ነው።

የአሠሪዎቹን ችግርም መካድ አልፈልግም። ከ2019 ጀምሮ የቁጠባ ገንዘባቸው በባንክ የተያዘባቸው፣ ጡረታቸው በሊራ መውደቅ የቀለጠባቸው ሰዎች አሉ። አንዲት አሮጊት እመቤት ራሳቸው ሁለት ሹራብና ኮት ደርበው፣ ጋዙን ለእንግዳ ብቻ እያበሩ ይከርማሉ። እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ እሳቸውና ሠራተኛዋ በአንድ ማሞቂያ ፊት አብረው ቡና ሲጠጡ ታገኛላችሁ። ድህነት አንዳንዴ ያቀራርባል።

ግን ቤቱ በሙሉ ሞቆ አንዲት ክፍል ብቻ ስትቀዘቅዝ ያ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። የሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ያወጣቸዋል። ካፋላ የተባለው አሠራር ደግሞ መኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ ጋር ያስራል። ስለዚህ «በርዶኛል» ማለት እንኳ በድፍረት የሚነገር ቃል ይሆናል። መቶ ዋት የሚበላ ብርድ ልብስ የማንንም ብሬከር አይጥልም፤ የሚቀረው ስላልተጠየቀና ስላልታሰበ ነው። ይህንን የኢትዮጵያ ቆንስላ ውል ሲያጸድቅ፣ ኤጀንሲውም ልጅቱን ሲልክ በግልጽ ሊያስጽፉት ይገባል፦ የሚዘጋ መስኮት ያለው መኝታ፣ ደረቅ ፍራሽ፣ የክረምት ብርድ ልብስ። «ተስማሚ ማረፊያ» የሚል አንድ መስመር አይበቃም።

> ቤቱ በሙሉ ሞቆ አንዲት ክፍል ብቻ ስትቀዘቅዝ ያ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

ገና፣ ጥምቀትና ሃዋላ

በዳሒዬ የሃዋላ ቤቶች ፊት ሰልፉ የሚረዝመው በጥር ነው። ገናና ጥምቀት የሚውሉት በመርበዓኒየው ልብ ላይ ነው። ሠርግም የሚበዛው ያኔ ነው። በግ ይገዛ፣ ልብስ ይላክ፣ የእህት ሠርግ አለ፤ ጥያቄው ሁሉ ጥር ላይ ይደርሳል። ኢሽቲራኩና ጋዙም የሚጨምሩት በዚያው ወር ነው። ብዙዎቹ ልጆች በዚህ መካከል የሚቆርጡት ወደ አገር ቤት ከሚላከው ላይ አይደለም። ማሞቂያውን ያጠፋሉ፤ አራቱ በሁለት አልጋ ይተኛሉ፤ ሳሉ እስከ መጋቢት ይከርማል። ቤት ሲደወል «ደህና ነኝ» ይባላል።

አገር ቤት ላላችሁ ወላጆችና ወንድሞች፦ ጥር ላይ ስትደውሉላት ከገንዘቡ በፊት የምትተኛበትን ጠይቋት። መስኮቱ ይዘጋል? ፍራሹ ደረቅ ነው? ማታ ከሰሉን የት ነው የምታጠፉት? ወደ ቤይሩት የሚሄድ መንገደኛ ካገኛችሁም ከበርበሬው አንድ ኪሎ ቀንሳችሁ አንድ ጋቢ ጨምሩላት።